መላመድ ወይስ መጋባት? የባክቴሪያዎች ተላላፊ ውርስና የአንድ ቃል ሂስ

ባክቴሪያዎች የመድኃኒትን ኃይል መቋቋማቸውን ለመግለጽ በአማርኛ ሥር የሰደደው ቃል «መላመድ» ነው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይባላል፤ ጀርሞች መድኃኒቱን ተላመዱት ይባላል። በሥልጠና ጽሑፎች፣ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ በሚለጠፉ ማስታወቂያዎችና ለኅብረተሰቡ በሚሰጡ ትምህርቶች ቃሉ ያለ ተቀናቃኝ ተቀምጧል። ማንም ሳይተረጎምለት የሚረዳው መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው። ችግሩ የሚጀምረው ቃሉ ይዞት የሚመጣው ሥዕል ሲመረመር ነው። ወይፈን ቀንበር ይለምዳል፤ ቆላ የወረደ ደገኛ ሙቀቱን ይለምዳል። በሁለቱም ልማዱ የሚመጣው ቀስ በቀስ ነው፤ የሚለምደውም ቀንበሩን የተሸከመው ወይም ሙቀቱ ያገኘው ራሱ ነው፤ ከነገሩ ሲርቅ ደግሞ ይረሳዋል። የአንዱ ወይፈን ልማድ በበረት አብሮት ላደረ ሌላ ወይፈን አይተላለፍም። ከእነዚህ ሐሳቦች አንዱም እንኳ በአንጀት ባክቴሪያዎች ዘንድ የሚሆነውን በትክክል አይገልጽም።

ጉዳዩ የሰዋስው ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ በሕክምና መጽሔት ላይ ቦታ ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን የጤና ባለሙያ የሚያደርገው በአእምሮው የያዘውን ሥዕል ተከትሎ ነው። ሕመምተኛውም እንዲሁ። «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» የሚለው አባባል የልማድን ሥዕል ከባክቴሪያው ወደ ሰውየው ያዛወረ ነው። እርግጥ ስሕተቱ የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በ12 አገሮች ባካሄደው ጥናት ከተጠየቁት ውስጥ 76 በመቶው መድኃኒቱን የሚቋቋመው የሰው አካል እንደሆነ ያምኑ ነበር። ሆኖም በአማርኛ ቃሉ ራሱ ወደዚህ ስሕተት ይጋብዛል።

ቃሉ መልካም ያገለገለበትን ቦታ አስቀድሞ ማመልከት ተገቢ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ መድኃኒት የመቋቋም ባሕርይ የሚያገኘው በራሱ ክሮሞዞም ላይ በሚደርስ ሚውቴሽን ነው። አርፒኦቢ በተባለው ዘረ መል ላይ የሚደርሰው ለውጥ ሪፋምፒሲንን፣ ካትጂ በተባለው ላይ የሚደርሰው ደግሞ አይሶናያዚድን ያከሽፋል። ይህ ለውጥ ከእናት ሴል ወደ ልጅ ሴል ይወርዳል እንጂ ወደ ጎረቤት ባክቴሪያ አይሻገርም። የጥምር ሕክምናው መሠረትም ይኸው ነው። አይሶናያዚድን የሚቋቋም ባክቴሪያ ከ1 ሚሊዮን አንድ ያህል፣ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ከ100 ሚሊዮን አንድ ያህል ቢገኝ፣ ሁለቱ ለውጦች በአንድ ባክቴሪያ ላይ በአጋጣሚ የመገናኘታቸው ዕድል ከ100 ትሪሊዮን አንድ ይሆናል፤ ይህም በአንድ ሕመምተኛ ሳንባ ውስጥ ሊኖር ከሚችለው የባክቴሪያ ቁጥር እጅግ የራቀ ነው። መድኃኒቱን በአንድነት መስጠት፣ ሳያቋርጡ መውሰድ፣ እስከ መጨረሻው ማድረስ የሚሉት ትእዛዛት ሁሉ ከዚህ ስሌት የተወለዱ ናቸው፤ ትክክልም ናቸው። እዚህም ቢሆን ባክቴሪያው ተምሮና ለምዶ አይደለም፤ ጆሹዋና አስቴር ሌደርበርግ እ.ኤ.አ. በ1952 በኢ. ኮላይ ላይ ባደረጉት ሙከራ እንዳሳዩት ተቋቋሚዎቹ ሚውታንቶች ከመድኃኒቱ ጋር ከመገናኘታቸው በፊት በመካከላቸው ይገኛሉ። መድኃኒቱ የሚያደርገው ሌሎቹን ገድሎ ሜዳውን ለእነርሱ መልቀቅ ነው። ያም ሆኖ ከሳንባ ነቀርሳ አንጻር «መላመድ» ከእውነታው የራቀው በጥቂቱ ነው፤ የሚያስከትለውም ተግባር አያሳስትም።

የተሳሳተው ይህን ትምህርት እንዳለ ወስዶ ለደም ተቅማጥ፣ ለአንጀት ተስቦ፣ ለሽንት ቧንቧና ለቁስል ኢንፌክሽን ማዋል ነው። የዚህን ስሕተት ልክ ለመረዳት ከሁሉ የተሻለው መንገድ በቶኪዮ የኬዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ፁቶሙ ዋታናቤ እ.ኤ.አ. በ1963 «ባክቴሪዮሎጂካል ሪቪውስ» በተባለው መጽሔት ያወጡትን የግምገማ ጽሑፍ እንደገና ማንበብ ነው። ርዕሱ በአማርኛ ቢመለስ «በባክቴሪያዎች ዘንድ በርካታ መድኃኒቶችን የመቋቋም ተላላፊ ውርስ» ይሆናል። በርዕሱ ውስጥ ሁለት የማይስማሙ የሚመስሉ ቃላት ጎን ለጎን ቆመዋል። ውርስ ከወላጅ የሚመጣ ነው፤ ተላላፊ የሚባለው ደግሞ ከጎረቤት የሚመጣው ነው። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ያለው በዚህ ግጭት ውስጥ ነው።

ታሪኩ የሚነሳው በጃፓን ከነበረው የሺጌላ ተቅማጥ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሽታው በሰልፎናማይድ ይታከም ነበር፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግን አብዛኛው ሺጌላ ይህን መድኃኒት ይቋቋም ስለነበር ስትሬፕቶማይሲን፣ ክሎራምፌኒኮልና ቴትራሳይክሊን በተራ ገቡ። እስከዚህ ድረስ «መላመድ» የሚለው ቃል ሊያስረዳው የሚችል ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1955 ከሆንግ ኮንግ ከተመለሰች አንዲት ሴት የተገኘው ሺጌላ ግን አራቱንም በአንድ ጊዜ ይቋቋም ነበር፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም የዚህ ዓይነቱ ዝርያ እየበዛ ሄደ። ከአንድ ወረርሽኝ፣ አንዳንዴም ከአንድ ሕመምተኛ ሰገራ፣ በሴሮታይፕ የማይለዩ ሁለት ሺጌላዎች ይገኙ ነበር፤ አንዱ በሁሉም መድኃኒት የሚሞት፣ ሌላው አራቱንም የሚቋቋም። በመድኃኒት የሚሞት ሺጌላ የነበረበት ሰው ክሎራምፌኒኮል ብቻ ተሰጥቶት ሳለ በሰገራው የሚወጣው ሺጌላ ያልወሰዳቸውንም መድኃኒቶች ሲቋቋም ታየ። በነዚሁ ሕመምተኞች አንጀት የነበረው ኢ. ኮላይም ብዙ ጊዜ እነዚያኑ መድኃኒቶች ይቋቋም ነበር።

የሳንባ ነቀርሳውን ስሌት እዚህ ላይ መድገም ይቻላል። ለእያንዳንዱ መድኃኒት ተቋቋሚ የሚሆነው ከ10 ሚሊዮን አንዱ ቢሆን፣ አራቱ ለውጦች በአንድ ሴል ላይ በአጋጣሚ ለመገናኘት ከ1 ቀጥሎ 28 ዜሮ የሚጻፍለት የባክቴሪያ ብዛት ያስፈልጋል። በሰው አንጀት ውስጥ ያለው ግን ከ1 ቀጥሎ 13 ወይም 14 ዜሮ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ ሚውቴሽን ሊሆን አይችልም፤ ያልወሰዱትን መድኃኒት መላመድ ደግሞ ከቃሉ ትርጉም ጋር ይጣላል። እ.ኤ.አ. በ1959 የኦቺያይና የአኪባ ቡድኖች ለየብቻቸው መልሱን አገኙ። ተቋቋሚውን ኢ. ኮላይ በመድኃኒት ከሚሞት ሺጌላ ጋር በአንድ ካልቸር ሲያቀላቅሉ ሺጌላው አራቱንም መቋቋም ጀመረ። ባሕርዩ የተሻገረው ከአንድ የባክቴሪያ ዓይነት ወደ ሌላ፣ በአንድ ግንኙነት፣ አራቱም በአንድ ጥቅል ሆነው ነበር።

መንገዱ ቀድሞ የታወቀ ነበር። ሌደርበርግና ኤድዋርድ ቴተም እ.ኤ.አ. በ1946 ኢ. ኮላይ ዘረ መል እንደሚቀያየር አሳይተዋል፤ በርናርድ ዴቪስ በ1950 ሁለቱን ወገኖች በደቃቅ ማጣሪያ በተከፈለ ቱቦ ውስጥ በመለየት ልውውጡ ያለ አካላዊ ንክኪ እንደማይሆን አረጋገጠ፤ «ፕላዝሚድ» የሚለውን ስም ሌደርበርግ በ1952 ሰጠ። ፕላዝሚድ ከክሮሞዞሙ ውጭ ራሱን የሚያባዛ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክብ የሆነ ዲኤንኤ ነው። ተሻጋሪ የሆነው ዓይነት የመሻገሪያውን መሣሪያ የሚሠሩ ዘረ መሎችን ራሱ ይሸከማል። የተሸካሚው ባክቴሪያ ቀጭን ክር መሰል ፒለስ ጎረቤቱን ይይዛል፤ ክሩ ሲሳብ ሁለቱ ሴሎች ይገናኛሉ። አንድ ኢንዛይም ከዲኤንኤው ሁለት ፈትሎች አንዱን በተወሰነ ቦታ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ፈትል በመተላለፊያው በኩል ወደ ተቀባዩ ይገባል። ከዚያም በሁለቱም ሴሎች ውስጥ የጎደለው ፈትል እንደገና ይሠራል። 100,000 ቤዝ ጥንድ ያህል የሚረዝመው የኤፍ ፕላዝሚድ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይሻገራል። ሰጪው የሰጠውን አያጣም፤ ጧፍን ከጧፍ እንደ ማቀጣጠል ነው፣ የመጀመሪያው አይጠፋም። ተቀባዩም ወዲያው ሰጪ ይሆናል። አብዛኞቹ መድኃኒት መቋቋሚያ ፕላዝሚዶች የመሻገር ሥራቸውን አፍነው የሚኖሩ ሲሆኑ፣ አዲስ ሴል ውስጥ ሲገቡ ግን ማፈኛው እስኪሠራ ድረስ ለጊዜው ነፃ ይሆናሉ፤ በዚህ አጭር ጊዜ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እየተዘዋወሩ እንደ ወረርሽኝ ይዛመታሉ።

ለዚህ ሁሉ አማርኛ ከ«መላመድ» የተሻለ ቃል ያጣ አይደለም። ጉንፋን ተጋባበት ይባላል፤ ጠባይ ይጋባል ይባላል፤ ወንድና ሴትም ይጋባሉ። አንድ ግስ መተላለፍንም መተሳሰርንም ይዟል፤ ኮንጁጌሽን የሚለው የሳይንስ ቃል የሚፈልገው ሁለቱንም ነው። ከአህያ ጋር ስለዋለች ጊደር የሚነገረው ተረት፣ መጨረሻው በዚህ መጽሔት ላይ ባይጻፍም፣ ጠባይ ከዘር ሳይሆን ከውሎ፣ ያውም ከሌላ ዓይነት እንስሳ ሊመጣ እንደሚችል ካስተማረ ቆይቷል።

የዋታናቤ ጽሑፍ ጥንካሬ ማስረጃውን የሚያስቀምጥበት ሥርዓት ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ሥራ በጃፓንኛ ብቻ ታትሞ ስለነበር የኦቺያይ፣ የአኪባና የሌሎች ባልደረቦቹን ግኝት ለዓለም አቀፉ አንባቢ ያደረሰው ይህ ጽሑፍ ነው፤ ለእያንዳንዱም ባለቤቱን ይጠራል። በለንደን ናኦሚ ዳታ በ1962 ከሆስፒታል ወረርሽኝ በተሰበሰበ ሳልሞኔላ ላይ ተመሳሳይ ክስተት ማሳየታቸውም ነገሩ የጃፓን ብቻ አለመሆኑን አስመስክሯል። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። አብዛኛው ገጽ ስለ ባክቴሪያ ጀነቲክስ ነው፤ ፕላዝሚዱን ከሰው ወደ ሰው የሚያደርሱት እጅ፣ ውኃና ምግብ የሚገባቸውን ቦታ አላገኙም። ለአጠቃላይ አንባቢ የቀረበው ማስጠንቀቂያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ዋታናቤ «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» ላይ በጻፉት መጣጥፍ ነው። ደግሞም እነዚህ ፕላዝሚዶች ከየት መጡ ለሚለው ጥያቄ የ1963ቱ ዕውቀት መልስ አልነበረውም። መልሱ እ.ኤ.አ. በ1983 ከቪክቶሪያ ሂዩዝና ከዳታ መጣ። መሬይ የተባሉ ሐኪም ከ1917 እስከ 1954 ሰብስበው ያቆዩአቸውን ከ400 በላይ የባክቴሪያ ናሙናዎች ሲመረምሩ ከአራቱ በአንዱ ገደማ ተሻጋሪ ፕላዝሚድ ተገኘ፤ መድኃኒት የመቋቋም ዘረ መል ግን በውስጣቸው የለም ማለት ይቻላል። ጋሪው ከአንቲባዮቲክ ዘመን በፊት ነበረ፤ ጭነቱ ብቻ አዲስ ነው። ጭነቱን የሚጭኑትም ከአንድ ዲኤንኤ ወደ ሌላው የሚዘሉ ትራንስፖዞኖች መሆናቸው በ1970ዎቹ ታወቀ።

የልማድን ሥዕል በዓለም ያሰራጨው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ እጅግ የተከበረ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በታኅሣሥ 1945 በኖቤል ንግግራቸው ጉሮሮውን ስለታመመ አንድ ሰው የፈጠራ ታሪክ ተናግረዋል። ሰውየው ራሱ የገዛውን ፔኒሲሊን በቂ ባልሆነ መጠን ይወስዳል፤ ጉሮሮው ውስጥ ያለውን ስትሬፕቶኮከስ መድኃኒቱን መቋቋም ያስተምረዋል፤ ሚስቱን ያስይዛታል፤ እርሷም ትሞታለች። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ምሳሌነቱ ግን አልሠራም። የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ ከ80 ዓመታት በኋላም በፔኒሲሊን ይታከማል። ፔኒሲሊንን በፍጥነት የተቋቋመው ስታፊሎኮከስ ሲሆን፣ ይህንንም ያደረገው መድኃኒቱን የሚያፈርስ ኢንዛይም በሚሠራ፣ ብዙ ጊዜ በፕላዝሚድ በሚጓዝ ዘረ መል ነው። የታሪኩ ትልቁ ጉዳት ጥፋተኛውን አንድ ሰው ማድረጉ ነው፤ መድኃኒቱን ያልጨረሰ ወይም ያሳነሰ ሕመምተኛ። ይህ ክስ ዛሬም በየምርመራ ክፍሉ ይሰማል።

ክሱ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት በተወለደ በጥቂት ቀናት ደሙ የተመረዘ ሕፃንን ማሰብ ይበቃል። ካልቸሩ ሴፍትሪአክሶንና ጄንታማይሲንን የሚቋቋም ክሌብሲዬላ ያሳያል። ሕፃኑ አንድም መድኃኒት ወስዶ አያውቅም፤ ያቋረጠው ሕክምና የለም። መድኃኒቱን የተላመደው ማን ነው? የተጋባበት ከዋርዱ ነው፤ ከእጅ፣ ከእቃ ማጠቢያ ገንዳ፣ በደንብ ካልጸዳ መሣሪያ። ፕላዝሚዱም ከዚያ በፊት በሌሎች ሰዎች አንጀት ውስጥ ከኢ. ኮላይ ወደ ክሌብሲዬላ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል። በ«መላመድ» ሥዕል የእጅ መታጠብ ከመድኃኒት መቋቋም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ስለዚህም በብዙ ሥልጠናዎች ሁለቱ በተለያዩ ቀናት፣ በተለያዩ አሠልጣኞች ይሰጣሉ። በተላላፊ ውርስ ሥዕል ግን ሁለቱ አንድ ርዕስ ናቸው።

ሁለተኛው መዘዝ የሕክምናውን ዒላማ ይመለከታል። ለሳንባ ምች የተሰጠ ሴፍትሪአክሶን በአንጀት ያለውን ኢ. ኮላይም ያገኘዋል። ሐኪሙ ስለዚህ ኢ. ኮላይ አላሰበም፤ የታመመ ነገር ስላልሆነ። ፕላዝሚዱን የያዙት ግን በዚህ ጊዜ ተርፈው ይበዛሉ። ፕላዝሚዱ የቴትራሳይክሊንና የሰልፎናማይድ መቋቋሚያም ተጭኖበት ከሆነ እነዚያም አብረው ይጠበቃሉ። መድኃኒት ያለ ፍላጎት ማስረዘም ለእንዲህ ዓይነቶቹ ባክቴሪያዎች ጥበቃ ሳይሆን እድል ነው። በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጽሑፍ «መድኃኒቱን ጨርስ» የሚለው ትእዛዝ መቋቋምን ይከላከላል ለሚለው አባባል ማስረጃ እንደሌለ መከራከሩ ብዙዎችን አስቆጥቷል። ሕመምተኛው በራሱ ፈቃድ ያቁም ማለት አይደለም፤ የሕክምናውን ርዝመት የሚወስነው መመሪያው ነው፤ የሳንባ ነቀርሳም በዚህ ክርክር ውስጥ አይገባም። ሊታረም የሚገባው የሚሰጠው ምክንያት ነው።

የልማድ ሦስተኛ ባሕርይ መረሳቱ ነበር። በብሪታንያ በ1990ዎቹ የሰልፎናማይድ አጠቃቀም ከ97 በመቶ በላይ ቀነሰ። ሰልፎናማይድን የሚቋቋመው ኢ. ኮላይ ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ከነበረበት 40 በመቶ ገደማ በ1999 ወደ 46 በመቶ ደረሰ፤ ዘረ መሉ ከሌሎች መቋቋሚያዎች ጋር በአንድ ፕላዝሚድ ላይ ተሳፍሮ ስለነበር። ለዓመታት የመጨረሻ መጠጊያ የነበረው ኮሊስቲንም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። መቋቋሙ በክሮሞዞም ሚውቴሽን ብቻ ይመጣል ተብሎ ሲታመን፣ በ2015 መጨረሻ ኤምሲአር-1 የተባለ በፕላዝሚድ የሚሻገር ዘረ መል በቻይና ከአሳማዎች፣ ከሥጋና ከሕሙማን በተወሰዱ ባክቴሪያዎች መገኘቱ ተዘገበ። በፓኪስታን ሲንድ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው የአንጀት ተስቦ ወረርሽኝም ሴፍትሪአክሶንን የተቋቋመው ከሌላ የአንጀት ባክቴሪያ በተገኘ ፕላዝሚድ ነው።

ለኢትዮጵያ ይህ ከውጭ የመጣ ወሬ አይደለም። ከአዲስ አበባ የተገኘ ሳልሞኔላ መድኃኒት የመቋቋም ባሕርይና ተሻጋሪው የአር ፋክተር በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1981 ነበር። በአገሪቱ ላቦራቶሪ የታየው እውነት ለሥልጠናው ቋንቋ ግን አልደረሰም። በ2017 ደግሞ ካርባፔኔምን የሚያፈርሰው ኤንዲኤም-1 በኢትዮጵያ ከሦስት ሕሙማን በተገኘ አሲኔቶባክተር ውስጥ መኖሩ ታትሟል።

በሌላ በኩል ሁሉንም ለፕላዝሚድ መስጠትም አይገባም። ፕላዝሚድ ወደ ሁሉም አይሻገርም፤ የያዘ ሴል ተመሳሳዩን እንዳይቀበል ይከላከላል፤ የአንድ ወገን የሆኑ ሁለት ፕላዝሚዶች በአንድ ሴል አብረው አይዘልቁም። ሲፕሮፍሎክሳሲንን መቋቋም በአመዛኙ ዛሬም የክሮሞዞም ሚውቴሽን ውጤት ነው። የሐሰተኛና ደረጃውን ያልጠበቀ መድኃኒት ጉዳትም አለ። እያንዳንዱ በስሙ ቢጠራ ይሻላል።

ለዚህ የሚበጀው ቃል «መቋቋም» ነው። ቀስ በቀስነትንም፣ ትምህርትንም፣ መርሳትንም አያመለክትም። በፕላዝሚድ የሚመጣውን ለመለየት «የሚጋባ መቋቋም» ማለት ይቻላል፤ ይህን የሰማች የጽዳት ሠራተኛ ሥራዋ ከነገሩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ሳይነገራት ትረዳለች። «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» በመዝገብና በቅጽ ላይ የሰፈረ የበሽታ ስም ስለሆነ እንዳለ ቢቆይ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። የአንጀት ባክቴሪያዎችን ስለሚመለከተው ማስታወቂያ ግን እንዲህ ማለት አይቻልም። በብዙዎቹ ላይ የሚታየው አንድ ባክቴሪያና አንድ እንክብል ነው፤ ሁለተኛው ባክቴሪያ ገና አልተሣለም።